ከሩቅ ወንዞች ለዘር ምርመራ የሚሆን ውሃ ስለ መቅዳት

በወንዝ ውስጥ የሚኖር ፍጥረት ሁሉ፤ ዓሣም እንቁራሪትም ቀንድ አውጣም ቢሆን፤ ከቆዳውና ከለሐጩ ከኩሱም ጥቂት ጥቂት በውሃው ውስጥ ይተዋል። በዚህም ዲ ኤን ኤ የሚባለው የዘሩ ምልክት ይገኛል። የፈረንሳይ ሊቃውንት በ2008 ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር፤ ከኩሬ በተቀዳ ጥቂት ውሃ ብቻ፤ ከአሜሪካ የመጣው ትልቁ እንቁራሪት በዚያ መኖሩን አስረድተዋል። ስለዚህ መረብ ሳይጣል ዓሣም ሳይሞት በወንዙ ምን እንዳለ ማወቅ ተችሏል።

ይህ ጥበብ ለአገራችንም ይጠቅማል። በጣና ባሕር ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን ከ10 የሚበልጡ ዓይነቶች አሉት፤ አብዛኛዎቹም በሌላ ስፍራ አይገኙም። ከእነርሱ ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዝ ይወጣሉ። በዚያን ጊዜ በወንዙ አፍ መረብ የሚዘረጋ ሰው፤ የዛሬውን ብቻ ሳይሆን የሚመጣውንም ዓመት ዓሣ ያጠፋል። የትኛው ዓይነት እስከ የትኛው ገባር እንደሚደርስ ካልታወቀ ግን፤ ሹሙ የሚጠብቀውን ስፍራ ለይቶ አያውቅም።

አቀዳዱ እንዲህ ነው።

1ኛ፤ ሠራተኛው አስቀድሞ ዕቃውን በበረኪና አጥቦ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቀው፤ በየስፍራውም አዲስ ጓንቲ ያጥልቅ።

2ኛ፤ ከወንዙ ግርጌ ጀምሮ ወደ ላይ ይውጣ፤ ወደ ውሃው ከገባም ፊቱን ወደ ምንጩ መልሶ፤ ጭቃውን ሳያደፈርስ ከፊቱ ይቅዳ።

3ኛ፤ ከ1 እስከ 2 ሊትር በደቃቅ ማጥለያ ያጥልል፤ ይህንም 3 ጊዜ ይድገም። የክረምት ድፍርስ ማጥለያውን ቢደፍነው፤ ውሃውን እየከፈለ በብዙ ማጥለያ ያጥልል፤ ልኩንም ይጻፍ።

4ኛ፤ ማጥለያውን ወዲያው በ95 በመቶ አልኮል ውስጥ ይክተተው፤ ሙቀትና ፀሐይ ምልክቱን ያጠፉታልና። መንገዱ ብዙ ቀን የሚያስኬድ ሲሆን ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል።

5ኛ፤ ስፍራውን ቀኑንና ሰዓቱን በእርሳስ ይጻፍ፤ ቀለም በአልኮል ይለቃልና።

6ኛ፤ ከቤት ይዞት የሄደውን ንጹሕ ውሃ በወንዙ ዳር እንደዚያው አጥልሎ ለብቻ ይላክ። በእርሱ የዓሣ ምልክት ቢገኝ፤ ዕቃው አድፎ ነበርና የዚያ ቀን ሥራ አይታመንም።

ምርመራው የማይናገረውም አለ። ዓሣው ስንት እንደሆነ በቁጥር አያስታውቅም፤ ሕያውና ሙትም አይለይም። ወንዙ ምልክቱን ወደ ታች ስለሚወስደው፤ የተገኘበት ስፍራ ሁሉ ማደሪያው ነው አይባልም። ምልክቱ ቢታጣም ዓሣው በፍጹም የለም ማለት አይደለም።

ሰነፍ ሠራተኛ በአቅራቢያው ቀድቶ የሩቁን ወንዝ ስም ቢጽፍበት፤ መርማሪው ሐሰቱን ለማወቅ ይቸግረዋል፤ በዚህም ምክንያት ዓሣ አስጋሪው ያለ ጥፋቱ ይከለከላል፤ ወይም መራቢያው ያለ ጠባቂ ይቀራል። ስለዚህ ሹማምንትና ባለ መሬቶች፤ የታመነ ሰው መርጣችሁ፤ መንገዱን የሚያውቅ የአገር ሰውም ጨምራችሁ እንድትልኩ እናሳስባለን።