የነቢዩን ታሪክ ከማን ተቀበልነው?

ወንድሜ ሆይ፥ በመርካቶ አንድ ጣቃ ጨርቅ ስትገዛ የተሰረቀ እንዳይሆን ሻጩን «ከማን አገኘኸው?» ትለዋለህ። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ታሪክ የመረመሩ ዑለማም ከወሬው አስቀድመው የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ የተቀባዮቹንም ሰንሰለት ኢስናድ አሉት።

በፈረንጅ 615 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ወደ ሐበሻ የተደረገውን ስደት ተመልከት። ጃዕፈር በነጃሺ ፊት የተናገሩትን ኢብን ኢስሐቅ ከዙህሪይ፥ ዙህሪይ ከአቡ በክር ኢብን ዐብዱረሕማን፥ እርሳቸውም ከእናታችን ከኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ተቀበሉ። ኡሙ ሰለማ ራሳቸው ከስደተኞቹ መካከል ነበሩ፤ ሰንሰለቱ ካየ ዓይን ይደርሳል ማለት ነው።

ሰንሰለት ቢያምርም ምርመራው አያበቃም። ኢብን ኢስሐቅን ኢማም ማሊክ ነቅፈዋቸዋል፥ ሌሎች አመስግነዋቸዋል፤ መጽሐፋቸውም በይበልጥ የታወቀው ኢብን ሂሻም አሳጥረው ባዘጋጁት ነው። የንጉሡም ስም በሐዲስ አስሐማ ነው። በአክሱም ሳንቲም ላይ አርማሕ የሚባል ንጉሥ ስላለ አንዳንድ የታሪክ ሊቃውንት ሁለቱን አንድ ሰው ያደርጓቸዋል፤ ይህ ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም።

እንግዲህ ለልጅህ ስታወራ ሰንሰለት የሌለውን «ይባላል» በል እንጂ «ነቢዩ አሉ» አትበል፤ በእርሳቸው ላይ መዋሸት በሌላ ሰው ላይ እንደ መዋሸት አይደለምና። ነጃሺ በሞቱ ጊዜ ነቢዩ ሶሐቦችን አሰልፈው በአራት ተክቢራ እንደ ሰገዱላቸው ግን ሳትፈራ ንገረው፤ ቡኻሪም ሙስሊምም መዝግበውታል።