የነፍስ አባት በኳስ ሜዳ ዳር



በዋግ ኽምራ ደጋማ ምድር የተመላለሰ ሰው እንደሚያውቀው፣ ደልዳላ ቦታ በዚያ አገር ውድ ነው። ተራራው በገደል፣ ገደሉ በሸለቆ እየተቆረጠ ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ ሜዳ የተባለው ሁሉ ወይ እርሻ፣ ወይ ገበያ፣ ወይ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሆኖ ተይዟል። እንዲያም ሆኖ በሰቆጣና በዙሪያዋ ወጣቱ ኳስ የሚያንከባልልበት ቦታ አያጣም፤ ሁለት ድንጋይ ግብ ይሆናል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ኳስ ይሆናል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው በእንደዚህ ያለ ሜዳ ዳር ቆሞ ቡድንን በመንፈስ ስለሚያገለግል ክርስቲያን ነው።

«አባ፣ ካህን ኳስ ሜዳ ምን ያደርጋል?» ተብለን የተጠየቅንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእንግሊዝ አገርና በሌሎችም ስፍራዎች ብዙ የእግር ኳስ ቡድኖች ከሐኪሙና ከአሰልጣኙ ጎን መንፈሳዊ አገልጋይ አላቸው። የዚህ ሰው ሥራ ስብከት ከመሆን ይልቅ አብሮ መሆን ነው፤ የተጎዳውን ይጠይቃል፣ ከቡድኑ የተቀነሰውን ያጽናናል፣ የሰማውን ምሥጢር ይጠብቃል። ለእኛ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የነፍስ አባት የሚለውን ስም ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋልና። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዋግ ኳስ የሚጫወተው ወጣት አብዛኛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ነው፤ የነፍስ አባትም በቤቱ አለው። የቡድን አገልጋይ የሆነ ካቶሊካዊ ያንን አባት ሊተካ አይሄድም። ወጣቱ ንስሐ ቢያሻው ወደ ነፍስ አባቱ ይመራዋል እንጂ፣ ኳስን መረብ አድርጎ የሌላውን መንጋ አያጠምድም። ይህን ያልተቀበለ ሰው አገልግሎቱን ባይጀምረው ይሻላል።

ቤተ ክርስቲያን ከጨዋታ ጋር የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ክርስቲያኖች ሲጽፍ (1ቆሮ. 9፡24-27) የሯጩንና የቡጢኛውን ምሳሌ የወሰደው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በከተማቸው አጠገብ በየሁለት ዓመቱ የኢስትሚያ ውድድር ይደረግ ስለ ነበር፣ የሚጠፋው አክሊል ምን እንደሆነ ሰዎቹ በዓይናቸው ያዩት ነገር ነው። የእኛም አባቶች በልደት በዓል ገና ሲጫወቱ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይጋፉ ነበር፤ በዚያ ቀን የተመታ ጌታ እንዳይቆጣ ልማዱ ያዛል።

በዚህ አገልግሎት ከሁሉ ይልቅ መምህራችን ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ (1815-1888 እ.ኤ.አ.) ነው። በቶሪኖ ከተማ ረዳት ያጡ ልጆችን ሲሰበስብ ጸሎት ቤቱንና የመጫወቻውን ግቢ አልለያየም። በ1884 እ.ኤ.አ. ከሮም በላከው ደብዳቤ ያዘነበት ነገር ሊታሰብበት ይገባል፦ ማኅበርተኞቹ ከልጆቹ ጋር መጫወታቸውን ትተው ዳር ቆመው እርስ በርስ ማውራት ጀምረው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ልጆቹ ልባቸውን ዘጉ። ሥርዓቱ እንዳለ ነበር፣ ጸሎቱም አልተቋረጠም፤ የጠፋው መተማመን ነው። ካቴኪስቶቻችን ወጣቱ ከትምህርት እንደሚቀር ሲያማርሩ በሰማን ቁጥር ይህ ደብዳቤ ትዝ ይለናል። የሳሌዥያን ማኅበር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወደ መቀሌ ከመጣ ወዲህ በአገራችን የከፈታቸው የወጣት ማእከላት ያለ ኳስ የማይታሰቡት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከእነርሱ መካከል አባ ሎሬንሶ ማሳ የተባሉት ካህን በ1908 እ.ኤ.አ. በቦነስ አይረስ በመንገድ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች በትራም አደጋ እንዳይደርስባቸው ሰግተው የቤተ ክርስቲያናቸውን ግቢ ሰጡ፤ በምላሹ የጠየቁት እሑድ ቅዳሴ እንዲመጡ ነበር። ሳን ሎሬንሶ የተባለው ታላቅ ቡድን ከዚያ ተወለደ። ነፍሰ ኄር ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም ከልጅነታቸው ጀምሮ ደጋፊው ነበሩ። በግላስጎው ደግሞ የማሪስት ማኅበር አባል የነበሩት ወንድም ዋልፍሪድ በ1887 እ.ኤ.አ. ሴልቲክ የተባለውን ቡድን ያቋቋሙት ለድሆች ሕፃናት ምግብ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ነው። እሳቸው በ1892 ወደ ለንደን ተዛወሩ፤ ቡድኑም በ1897 የአክሲዮን ኩባንያ ሆነ። ዓላማውን የሚያስታውስ ሰው ከጎን ሲርቅ ነገር ምን ያህል ቶሎ መልኩን እንደሚለውጥ ከዚህ እናያለን።

የምግቡ ነገር ወደ ዋግ ይመልሰናል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስወገድ የገባው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም መጠራቱ እንዲያው አይደለም። ስለዚህ በዚያ ያለ የቡድን አገልጋይ ከጸሎት በፊት «በልታችኋል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። በ2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነትም ሌላ ሸክም ጨመረ፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ብዙ ቤተ ሰቦች በሰቆጣ ተጠልለዋል። የተፈናቀለውና የአገሩ ተወላጅ በአንድ ማሊያ ሲሰለፉ ደስ ያሰኛል፤ በሽንፈት ቀን ግን «ይህ መጤ ነው ያስበላን» የምትል ቃል ከየት እንደመጣች ሳትታወቅ ትወጣለች። አገልጋዩ ቃሏን በዚያው ቀን፣ ለብቻው ጠርቶ፣ ከተናገራት ልጅ ጋር ይነጋገርባት። በሕዝብ ፊት መገሠጽ ቂም ያተርፋል።

አንድ ጊዜ ግብ ጠባቂው ቋሚውን ጸበል እንድንረጭለት ለመነን። «ተጋጣሚህም ቢለምነኝስ?» ብንለው ዝም አለ። ጸሎታችን ማንም እንዳይሰበር፣ ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ እንዲገባ፣ ዳኛውም በቅንነት እንዲፈርድ ነው፤ ለድል አንጸልይም። ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም። አሸንፈው ሲወጡ «የአባ ጸሎት ነው» ይላሉ፣ ሲሸነፉ ደግሞ ገጻቸውን ያዞሩብናል። በሌላ ቀን ፍጹም ቅጣት ምት የሳተ ወጣት ጨዋታው ካለቀ በኋላ ከግንብ ሥር ብቻውን ተቀምጦ አገኘነው። ምክር ለመስጠት ቸኩለን ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አፋችንን ያዝነው። አጠገቡ ተቀምጠን ብዙ ቆየን። በመጨረሻ የተናገረው ከጦርነቱ ወዲህ ወሬው ስለጠፋ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ስለ ኳሱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ ወዲህ ከተሸናፊዎች ጋር መቀመጥን የሥራችን ዋና ክፍል አድርገን ይዘነዋል።

ይህን አገልግሎት ለመጀመር ለምታስቡ ካቴኪስቶች ሁለት ነገር እንጨምራለን። በዐቢይ ጾም ጾሙን የያዘ ተጫዋች እስከ ከሰዓት ምግብ አይቀምስምና፣ ልምምዱ ከመፈሰኪያው በኋላ ወይም ቀለል ብሎ እንዲደረግ አሰልጣኙን በትሕትና ለምኑ፤ ጾመኛውን «ደካማ» የሚል ቡድን እንዳይኖር ተጠንቀቁ። የእሑድ ግጥሚያም ከቅዳሴ ጋር እንዳይጋጭ፣ ጥያቄያችሁን የውድድሩ መርሐ ግብር ከመውጣቱ በፊት አቅርቡ። ከወጣ በኋላ የሚሰማ የለም።