ጥያቄና መልስ፦ ከወደቁ በኋላ መጸለይ ራስን ማታለል ነው?

ጥያቄ፦ የመግቢያ ፈተና ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ሁሉም «በእምነትሽ ጽኚ» ይሉኛል። ይህ ራስን ማታለል አይደለም?

መልስ፦ እኅታችን፣ እምነትን የማለፊያ ዋስትና ካደረግሽው በእርግጥ ማታለል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ እንኳ የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተነሣለትም፤ ሥራውን ግን አላቋረጠም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ሥር ተምረው በ13ኛው መቶ ዘመን ሐይቅ ሲገቡ በጸሎት ብቻ አልተወሰኑም፤ መጻሕፍት አሰባስበው፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ደቀ መዛሙርት አስተማሩ። በ16ኛው መቶ ዘመን የግራኝ አሕመድ ጦር ገዳሙን ቢዘርፍም የአባ ኢየሱስ ሞዓ የወንጌል መጽሐፍ እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ ማኅበሩም ዳግም ተሰባስቧል።

«እምነት እጅ አጣጥፎ መቀመጥን ያስተምራል» የሚል ይኖራል። እውነትም ስለት ተስሎ ደብተሩን የማይገልጥ ስንት አለ! የገዳም ሥርዓት ግን ለጸሎቱም ለሥራውም ሰዓት ይመድባል፤ መነኩሴው ልቡ ቢቀዘቅዝም ደወሉ ሲደወል ይነሣል። ላንቺ የሚጠቅምሽም ይኸው ነው፤ ሰውነትሽ በውጤት እንደማይለካ ካመንሽ፣ የተሳሳትሽውን ጥያቄ ሳታፍሪ መልሰሽ ታጠኛለሽ። ሦስተኛውም ባይሳካ፣ ወደ ሌላ ሙያ መዞር እምነት ማጣት አይደለም።