የሳማ ሥር ጥቅምና የማሰሪያ አንቀጽ ኃላፊነት

ሀ. መግቢያ

በዚህ ትምህርት ስለ አንድ የታወቀ ተክል የተጻፈ ምንባብ ታነባላችሁ። ስታነቡ የየአረፍተ ነገሩን ማሰሪያ አንቀጽ አስተውሉ። «ነው»፣ «ይባላል»፣ «ሊሆን ይችላል» የሚሉት ማሰሪያዎች በእርግጠኝነት ረገድ እኩል አይደሉም። ልዩነታቸውን ከምንባቡ በኋላ እንመለከታለን።

ለ. ምንባብ፦ የሳማ ሥር

ሳማን የማያውቅ የደጋ ልጅ የለም። ከብት ሲጠብቅ ወይም አጥር ሲዘል እግሩን ያልተለበለበ ጥቂት ነው። ቅጠሉንና ግንዱን የሸፈኑት ጥቃቅን ጠጉሮች ጫፋቸው እንደ መስተዋት ተሰባሪ ስለሆነ፣ ገላ ሲነካቸው ተሰብረው እንደ መርፌ ይወጋሉ፤ በውስጣቸው ያለውንም የሚያቃጥል ፈሳሽ ወደ ቆዳ ያስገባሉ። ይሁን እንጂ ይኸው ተክል ሲቀቀል መለብለቡን ይተዋል፤ በደጋው አገርም ለጋ ቅጠሉ ወጥ ሆኖ ይበላል።

ሰው የሳማን ቅጠል ሲፈራም ሲበላም ኖሯል፤ ከመሬት በታች ያለውን ሥሩን ግን ብዙ ጊዜ አያስታውሰውም። ተመራማሪዎች በብዛት የመረመሩት በአውሮፓና በእስያ የሚበቅለውን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኡርቲካ ዲዮይካ የተባለውን የሳማ ዝርያ ነው። የአውሮፓ ገበሬዎች የዚህን ተክል ሥር እያፈሉ ለክር ማቅለሚያ የሚሆን ቢጫ ቀለም ያወጡበት ነበር።

ሥሩ በቤተ ሙከራ ሲመረመር ልዩ ልዩ ውህዶች ተገኝተውበታል። አንደኛው ሌክቲን ከሚባሉት ፕሮቲኖች ወገን ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. የቤልጂግ ተመራማሪዎች ይህን ፕሮቲን ከሳማ ሥር ለይተው እንዳወጡት አስታወቁ። ፕሮቲኑ በፈንገሶች ገላ ውስጥ የሚገኘውን ካይቲን የተባለ ንጥረ ነገር አጥብቆ ይይዛል፤ በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ካይቲን ያላቸውን ፈንገሶች እድገት እንደሚገታ አሳየ። ስለዚህ ሌክቲኑ ተክሉን በአፈር ውስጥ ከሚያጠቁት ፈንገሶች ይከላከልለት ይሆናል።

ከዚህም ሌላ ቤታ ሲቶስቴሮል የተባለ ቅባት መሰል ውህድ፣ ከብዙ ስኳሮች ሰንሰለት የተሠሩ ፖሊሳካራይዶች፣ እንዲሁም ሊግናን የሚባሉ ውህዶች በሥሩ ውስጥ አሉ። ሊግናኖቹ የወንድነት ሆርሞንን በደም ውስጥ የሚያጓጉዘውን ፕሮቲን በብልቃጥ ውስጥ ሲይዙ ታይተዋል። በብልቃጥ የታየ ሁሉ ግን በሰው ገላ ውስጥ ይደገማል ማለት አይደለም።

ብዙ ወንዶች ዕድሜያቸው ሲገፋ፣ ከፊኛ በታች ያለው ፕሮስቴት የተባለው ዕጢ እያደገ የሽንት ቧንቧቸውን ያጠብባቸዋል። ሽንት ይቆራረጥባቸዋል፤ ሌሊትም ደጋግመው ይነሣሉ። በጀርመን አገር ስለ ዕፀዋት መድኃኒቶች እንዲመክር ተቋቁሞ የነበረው ኮሚሽን ኢ የተባለ የባለሙያዎች ጉባኤ፣ የሳማ ሥር ይህን የመሽናት ችግር እንደሚያቃልል፣ ያደገውን ዕጢ ግን እንደማያሳንስ ገለጸ። የአውሮፓ የመድኃኒት ድርጅትም ሥሩን የተቀበለው በረጅም ዘመን ልማድ መሠረት ሲሆን፣ አስቀድሞ ሐኪም ከባድ በሽታ አለመኖሩን ማረጋገጥ እንዳለበት አሳስቧል። የፕሮስቴት ካንሰርም ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳይ ይችላልና።

በአገራችን ደጋ የሚታወቀው ሳማ ደግሞ ኡርቲካ ሲሜንሲስ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከስሜን ተራሮች ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ስለዚህ የአንዱ ሥር ያስገኘውን ውጤት ያለ ምርመራ ለሌላው መስጠት አይገባም።

ሐ. የቃላት ፍች

ውህድ፦ ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ንጥረ ነገሮች ተዋሕደው የሚሠሩት ነገር።
መግታት፦ ማቆም፣ እንዳይስፋፋ መከልከል።
ብልቃጥ፦ ፈሳሽ የሚቀመጥበት ትንሽ የመስተዋት ዕቃ።
ማቃለል፦ የከበደውን ቀላል ማድረግ።

መ. ሰዋስው፦ የእርግጠኝነት ደረጃዎች

1. የታወቀ ነገር፦ «በሥሩ ውስጥ ሌክቲን አለ።» ጸሐፊው ያለ ጥርጥር ይናገራል፤ ማስረጃውም በእጁ ነው።
2. ከሌላ የተሰማ ነገር፦ «ሥሩ ለመሽናት ችግር ይጠቅማል ይባላል።» ጸሐፊው ወሬውን ያቀርባል እንጂ ራሱ አይመሰክርም።
3. የሚቻል ነገር፦ «ሥሩ የመሽናትን ችግር ሊያቃልል ይችላል።» በአንዱ ሰው ሊሆን፣ በሌላው ላይሆን ይችላል።
4. ግምት፦ «ሌክቲኑ ተክሉን ይከላከልለት ይሆናል።» ጸሐፊው ካወቀው ተነሥቶ ያላወቀውን ይገምታል።

አሁን አንድ ተማሪ አያቱ ሌሊት ለሽንት ደጋግመው እንደሚነሡ ሰምቶ፣ «አባባ፣ የሳማ ሥር ያድንዎታል» ብሎ ጻፈላቸው እንበል። አረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ሽማግሌው የልጁን ቃል አምነው፣ ሥር ቆፍረው እያፈሉ ወራት ቢያሳልፉና ሕመማቸው ካንሰር ሆኖ ቢገኝ፣ በጊዜ ሊታከም ይችል የነበረው በሽታ ይጠናባቸዋል። «ያድናል» እና «ሊያቃልል ይችላል» በገጽ ላይ የተለያዩት በጥቂት ፊደላት ብቻ ነው፤ በሕይወት ላይ ግን ልዩነታቸው ከዚህ እጅግ ይሰፋል። ስለዚህ ከምታውቁት በላይ የሚናገር ማሰሪያ አትጻፉ።

ሠ. መልመጃ

1. ሳማ የሚለበልበው ስለምንድን ነው? በሁለት አረፍተ ነገሮች መልሱ።
2. ከምንባቡ ውስጥ የታወቀ ነገርን፣ የሚቻል ነገርንና ግምትን የሚገልጹ አንዳንድ አረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ ማሰሪያቸውን አመልክቱ።
3. «የስሜን ሳማ ሥር ከአውሮፓው ጋር አንድ ዓይነት ጥቅም አለው» የሚለውን አረፍተ ነገር፣ በምንባቡ መሠረት እውነተኛ እንዲሆን ማሰሪያውን ለውጣችሁ ጻፉ።

ረ. ድርሰት

በአካባቢያችሁ ለመድኃኒትነት የሚነገርለትን አንድ ተክል ምረጡ። ራሳችሁ ያያችሁትን፣ ከሽማግሌዎች የሰማችሁትንና የምትገምቱትን በሦስት አንቀጾች ለይታችሁ ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ማሰሪያዎቹን ብቻ መልሳችሁ አንብቡ፤ በእያንዳንዳቸውም ላይ «ይህን በእርግጥ አውቀዋለሁን?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።