የድግሱን ዋጋ ማን ይከፍላል?

በእኛ አገር ጥር የሰርግ ወር ነው። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ በአንበሳሜ፣ በወረታና በፎገራ ሜዳ ዙሪያ ዳስ ያልተጣለበት መንደር ማግኘት ያስቸግራል። በዚሁ በጥር ወር፣ በ2016 ዓ.ም.፣ አሜሪካ አገር ከሚገኘው ከማያሚ ወደብ አንዲት መርከብ የመጀመሪያ ጉዞዋን ጀምራ ነበር። ስሟ «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» ይባላል። 20 ፎቅ ያላት ስትሆን እስከ 7,600 መንገደኛ ትይዛለች፤ የመመገቢያ ስፍራዎቿም ከ20 ይበልጣሉ። ጭነት አታመላልስም፤ ሥራዋ ሰዎችን በባሕር ላይ እያበላችና እያዝናናች ወደ ተነሡበት ወደብ መመለስ ነው።

በእንዲህ ያለች መርከብ የተሳፈረ ሰው በዋናው የምግብ አዳራሽ ለበላው ሒሳብ አይጠየቅም። ከተደረደረው ምግብ እየደጋገመ ቢያነሣ የሚከለክለው የለም። በነጻ የሚሰጥ ይመስላል እንጂ ዋጋው ገና ቲኬቱ ሲቆረጥ ተከፍሏል። የመርከቧ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊም ስንት ነፍስ እንደ ተሳፈረ ያውቃል፤ በባሕር መካከል ገበያ ስለሌለ እንቁላሉንና ዱቄቱን ቀድሞ አስልቶ ይጭናል።

ይህን ወሬ በአንበሳሜ ለአንድ የቁጠባ ቡድን ባወራንላቸው ጊዜ ያሰብነው ስለ ብክነት ለማስተማር ነበር። አንዲት እናት ግን የያዝነውን ትምህርት አስጣሉን። «እነሱስ ከፍለው ነው የሚበሉት» አሉ፤ «እኛ ነን እንጂ በልተን የምንከፍለው።» በዚህ ጽሑፍ የእኚህን እናት ቃል ይዘን ጥቂት እንሄዳለን።

ድግስ የሚጀምረው ዳሱ ከመጣሉ ብዙ ሳምንት አስቀድሞ ነው። ብቅሉ ይዘጋጃል፣ ጌሾው ይወቀጣል፣ ጋኑ ይታጠናል፣ ጠላው ይጠነሰሳል። የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው እህል ያበጥራሉ፣ በርበሬ ይደልዛሉ፣ ሽንኩርት ይከትፋሉ። በዕለቱ አጋፋሪው እድምተኛውን በየተራ እያስገባ ያስቀምጣል፤ አሳላፊዎቹም የማንም ዋንጫ እንዳይጎድል ይሯሯጣሉ። በፎገራ ሜዳ ዛሬ ከዚህ ሁሉ ጀርባ ሩዝ አለ። ጉማራና ርብ በክረምት እየሞሉ የሚተኙበት ይህ ሜዳ ቀድሞ ይበልጡን የከብት ግጦሽ ነበር፤ የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀችውም በዚህ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በደራ ጅግና፣ በፎገራ ደግሞ ሻጋ በተባሉ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ መዘራት ጀመረ። ሜዳውን ሲያስቸግር የኖረው ውኃ ለሩዙ ተስማማው። ዛሬ እንጀራው ጤፍና ሩዝ ተቀላቅሎ ይጋገራል፤ ጠላውና አረቄውም ከሩዝ ይወጣል። ወረታ አጠገብ አገር አቀፍ የሩዝ ምርምር ማዕከል ተቋቁሟል። ጎተራው ሞልቷል፤ ዳሱም አብሮ ሰፍቷል።

ልጃቸውን የዳሩ አንድ ባልና ሚስት ፈቃዳቸው ሆኖ የድግሱን ሒሳብ ከእኛ ጋር ተቀምጠው አወጡ። ለሁለት ቀን ድግስ ከጎተራ የወጣው ሩዝ ለቤቱ የአራት ወር ቀለብ የሚሆን ነበር። ከሁለቱ የእርሻ በሬዎች አንዱ ታርዷል። ለማዳበሪያ ተብሎ ከተወሰደው ብድርም ገሚሱ ለዘይት፣ ለቅመምና ለሙሽራ ልብስ ሆኗል። ሰኔ ሲመጣ አባወራው ጥንዱን የሚሞላ በሬ ከጎረቤት ለምነው በተራ አረሱ፤ ማሳው ዘግይቶ ተዘራ፣ ማዳበሪያውም ጎደለ። ነሐሴ ላይ ሜዳው ውኃ ለብሶ ጎተራው ባዶ ሲሆን፣ በታኅሣሥ ከሚታጨደው ሊከፍሉ እህል በወለድ ተበደሩ። ድግሱ ሁለት ቀን ነበር፤ ክፍያው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ።

«እንግዲያው ድግስ ይቅር» ማለት ቀላል ነው፤ እኛም ብለናል። የዚያኑ ዕለት አንድ ሽማግሌ እንዲህ ብለው መለሱልን፦ «የበላልኝ ሰው ነው ክረምት ሲመጣ ከነበሬው የሚደርስልኝ። ቤቴ ቢቃጠል ጎጆ የሚቀልስልኝም እሱ ነው። እናንተ ፕሮጀክታችሁ ሲያልቅ ትሄዳላችሁ።» መልስ አልነበረንም። በእርግጥም ያ በልመና የተገኘው በሬ የመጣው በዳሱ ከበላ ሰው ቤት ነው። ደግሞስ እኛ ምንጭ አጎልብተን በምናስመርቅበት ቀን ሰንጋ አናርድምን? ለእንግዶች ለስላሳ በሳጥን እየተራገፈ፣ የምንጩን ቧንቧ የቀበሩት ጎረምሶች በዳሱ ዳር ቆመው ያየንበት ቀን አለ። ያንን ሒሳብ የከፈለው ማን እንደ ሆነ ለደጋፊዎቻችን በጻፍነው ሪፖርት ላይ አልገለጽንም።

ነገሩ የአንድ መንደር ብቻ አይደለም። «ግብር» የሚለው ቃላችን ራሱ ሁለት ነገር ይናገራል። ባላገሩ ለመንግሥት የሚያገባው ግብር ነው፤ ቤተ መንግሥቱ የሚያበላው ድግስም ግብር ነው። በአጼ ምኒልክ የአዲስ አበባ አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየማዕርጉና በየተራው ይበላ ነበር። እህሉን፣ ማሩንና ሰንጋውን ያገባው ገበሬ ግን ብዙውን ጊዜ አዳራሹን አይቶት አያውቅም። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሀብ አለቀ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለዚያ ረሀብ የሠራው ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ፣ በረሀብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ገብተውበት ነበር። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ፊልሙን እንዲህ አድርጎ ያሳየው ያው ደርግ ግን በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ወጪ ሲያከብር ወሎና ትግራይ ዳግመኛ በረሀብ ላይ ነበሩ።

ትራፊው ወዴት እንደሚሄድም መጠየቅ ይገባል። መርከብ ከየብስ ከ3 የባሕር ማይል በላይ ከራቀ በኋላ የተረፈውን ምግብ አድቅቆ ወደ ባሕር እንዲጥል ዓለም አቀፉ ደንብ በብዙ ባሕሮች ይፈቅድለታል። በአዲስ አበባ ከሆቴሎችና ከትልልቅ ድግሶች የተረፈው «ቡሌ» ተብሎ ለድሆች ይሸጣል። በእኛ ዳስ ደግሞ ደጃፍ ላይ ለሚጠብቁት ይታደላል። በዚህስ ዳሳችን ከመርከቡ ይሻላል እንላለን። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች የሚጠበቁት መጨረሻ ላይ ነው፤ አጋፋሪው እነሱን አያስቀምጥም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ጌታ፣ ግብዣ ስታደርግ ብድር ሊመልሱልህ የማይችሉትን ጥራ ይላል። በዚያው ምዕራፍ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ይናገራል። እኛ ሁለቱን በተለያየ እሑድ እየሰበክን፣ የመጀመሪያውን ለበጎ አድራጎት፣ ሁለተኛውን ለደቀ መዝሙርነት ስናውለው ኖረናል። አንድ ላይ አድርገን ለዳስ ብናነባቸው ምን እንደሚሆን ያየነው በቅርቡ ነው።

ልጃቸውን ለመዳር የተዘጋጁ ሌላ ቤተሰብ በኅዳር ወር፣ አንድም ጋን ሳይጠነሰስ፣ ወጪያቸውን ቆጠሩ። ሩዙ በቁና ተሰፈረ፤ እስከ ታኅሣሥ የሚያደርሳቸው ቀለብ ለብቻ ተከተተ። ሁለቱ ቀን አንድ ሆነ። ጎረቤቶችም እንጀራውን በየቤታቸው ጋግረው ሊያመጡ ተስማሙ። ክርክሩ በበሬው ላይ ሆነ። አባወራው «ይታረድ» አሉ፤ ባለቤታቸው «ሰኔ ላይ በምን ልታርስ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሦስት በግ ታረደ። ከመጀመሪያዎቹ ተቀማጮች መካከልም መንደሩ ሁልጊዜ ደጃፍ ላይ የሚያያቸው ሁለት ዓይነ ስውራንና አንዲት ባልቴት ነበሩ። ያልተደሰተ ግን ነበር። «ጎደለ» ተብሏል፤ አንድ ዘመድም ተቀይሞ ሳይመርቅ ሄደ። እናትየው ይህን ሲነግሩን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ በሬው ግን በረት ውስጥ ነው።

ለሚቀጥለው ጥናት የጉባኤው አባላት ባለፈው ድግሳችሁ የወጣውን እህል በቁና፣ የተበደራችሁትን በብር፣ ከፍላችሁ የጨረሳችሁበትንም ወር ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ። የፕሮጀክት ሠራተኞችም የመጨረሻውን ምረቃ ሒሳብ፣ ከነሰንጋው ዋጋ፣ ይዛችሁ ኑ።