ጡረታ የሚሰናዳው ከመውጫው ሦስት ዓመት አስቀድሞ ነው
ስለ ጡረታ አበል፣ ስለ ቁጠባና ስለ ግብር ከወልድያ እስከ መርሳ ለሚነሱ ጥያቄዎች የተሰጠ ማብራሪያ

ወልድያ የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ እንደመሆኗ መምህሩ፣ የጤና ባለሙያውና የጽሕፈት ቤት ሠራተኛው የሚበዛባት ከተማ ናት። በደሴ መንገድ ወደ ደቡብ ሲኬድ፣ በሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልም ሆነ በሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ በመርሳ በደመወዝ የሚተዳደረው ሰው ቀላል አይደለም። ከዚሁ ጎን የመርሳ ማንጎና ብርቱካን ነጋዴ፣ ባለባጃጁ፣ የጊራና ገበሬ አለ። ይኸኛው ወገን ጡረታ የሚባል ነገር አይጠብቅም። ይሁን እንጂ የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው፤ ጉልበት ሲደክም ከወር ወር የሚያደርሰው ምንድን ነው?

የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በሕግ የቆመው በ1950ዎቹ ሲሆን፣ መሠረቱ በ1955 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኛው ወደዚህ ዋስትና የገባው ግን ዘግይቶ፣ በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። በ2014 ዓ.ም. ለመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1267፣ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1268 ወጥተው የቀደሙትን ተክተዋል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በነዚህ ሕጎች ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጡረታ ለማግኘት ስንት ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል?

መልስ፦ መውጫው ለወንድም ለሴትም 60 ዓመት ነው። በየወሩ እስከ ዕድሜ ልክ የሚከፈል አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ግድ ይላል። 60 ዓመት ሞልቶት አገልግሎቱ ከ10 ዓመት በታች የሆነ ሠራተኛ ወርኃዊ አበል ሳይሆን ዳረጎት፣ ማለትም አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያበቃ ገንዘብ ይሰጠዋል። 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ደግሞ በፈቃዱ ቢለቅ ከ55 ዓመቱ ጀምሮ አበሉን ማግኘት ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። ዕድሜው የሚቆጠረው ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ባስመዘገበው ነው። በወጣትነቱ በግምት ያስሞላው ዓመት ከሠላሳ ዓመት በኋላ መውጫውን ያፈጥነዋል ወይም ያዘገየዋል። በኋላ የሚመጣ የልደት ማስረጃ ይህን አይሽረውም።

ጥያቄ፦ አበሉ እንዴት ይሰላል?

መልስ፦ ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። በመጀመሪያ ከመውጫው በፊት ያሉት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዝ አማካይ ይወሰዳል። ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት የዚህ አማካይ 30 በመቶ ይታሰባል። ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

አንድ የወልድያ መምህር 30 ዓመት አገልግሎ ወጣ እንበል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዙ በመጀመሪያው 9,000፣ በሁለተኛው 10,500፣ በሦስተኛው 12,000 ብር ነበር። አማካዩ 10,500 ብር ይሆናል። ለ10 ዓመቱ 30 በመቶ፣ ለቀሪው 20 ዓመት 25 በመቶ፣ ድምሩ 55 በመቶ ነው። ስለዚህ የወር አበሉ 5,775 ብር ነው። አበሉ በመጨረሻው ደመወዝ ቢታሰብ ኖሮ 6,600 ብር በሆነ ነበር። የ825 ብር ልዩነት የመጣው ከአማካዩ ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ በመውጫው ዋዜማ የመጣ የደመወዝ ጭማሪ ለጡረታው በሙሉ እንደማይቆጠር ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ሲሻሻል ዝቅተኛው መነሻ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ከማሻሻያው በኋላ ወዲያው የሚወጣ ሠራተኛ በአማካዩ ውስጥ የሚገባለት የአዲሱ ደመወዝ ጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ ሦስት ዓመት ቆይቶ የሚወጣው ግን በሙሉ ይታሰብለታል።

ጥያቄ፦ ከጡረታ አበል ላይ ግብር ይቆረጣል?

መልስ፦ አይቆረጥም። ግብር የሚቆረጠው ከደመወዝ ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ግብር የማይከፈልበትን የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጓል። ከዚያ በላይ ያለው በየእርከኑ 15፣ 20፣ 25፣ 30 በመቶ እያለ ይሄዳል፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል።

የመምህሩን የመጨረሻ ደመወዝ እንውሰድ። ከ12,000 ብር ላይ የሚቆረጠው የሥራ ግብር 2,250 ብር ነው። የጡረታ መዋጮው 7 በመቶ፣ ማለትም 840 ብር ነው። መዋጮው ግብሩን አይቀንስም፤ ግብሩ የሚሰላው ከሙሉ ደመወዙ ላይ ነው። እጁ ላይ የሚደርሰው 8,910 ብር ይሆናል። ጡረታ ሲወጣ ግብርም መዋጮም ስለማይቆረጥበት 5,775 ብሩ በሙሉ ይገባለታል። እንግዲህ ኑሮው የሚጎድለው ከ12,000 ወደ 5,775 ሳይሆን ከ8,910 ወደ 5,775 ነው። ጉድለቱ በወር 3,135 ብር መሆኑን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ምን ያህል መቆጠብ እንዳለበት ማስላት ይችላል።

ጥያቄ፦ የግል ድርጅት ሠራተኛስ?

መልስ፦ መዋጮው ተመሳሳይ ነው። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ወር በገባ 5,000 ብር የሚከፈላት የሆቴል ሠራተኛ ከራሷ 350፣ ከአሠሪዋ 550፣ በድምሩ 900 ብር በስሟ ገቢ መሆን አለበት። ችግሩ ያለው ገቢ መሆኑ ላይ ነው። አሠሪው ከደመወዟ ቆርጦ በካዝናው ቢያስቀምጠው አገልግሎቷ በወረቀት ላይ አይታይም። በሕጉ አሠሪው መዋጮውን ደመወዝ ከከፈለበት ወር በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ገቢ የማድረግ ግዴታ አለበት፤ ካዘገየ ወለድና ቅጣት ይጠብቀዋል። ሠራተኛዋ የጡረታ መለያ ቁጥሯን ይዛ መዋጮው መግባቱን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ማጣራት ይገባታል።

ከግል ድርጅት ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ወይም ከመንግሥት ወደ ግል የተዛወረ ሰው የሁለቱ አገልግሎት ተደምሮ ይያዝለታል። ስለሆነም የቀድሞውን መሥሪያ ቤት የአገልግሎት ማስረጃ ሳይዙ መልቀቅ ዓመታትን ጥሎ እንደመሄድ ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ በጦርነቱ የግል ማኅደሩ የጠፋበት ሠራተኛ ምን ያድርግ?

መልስ፦ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና መርሳ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩባቸው ወራት ባንኮች ተዘግተው፣ መሥሪያ ቤቶችም ተዘርፈው ነበር። ማኅደሩ በዚያ የጠፋበት ሰው ጡረታው አብሮ ጠፋ ማለት አይደለም። የአንድ ሠራተኛ ወረቀት በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም። የቅጥር ደብዳቤው ግልባጭ ለበላይ መሥሪያ ቤት ተልኮ ሊሆን ይችላል። የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ በገንዘብ ጽሕፈት ቤት በኩል አልፏል። የዝውውርና የእድገት ደብዳቤዎች በሠራተኛው ሣጥን ውስጥ ይገኛሉ። እነዚህን አሰባስቦ ለመሥሪያ ቤቱ የሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ ማመልከትና ማኅደሩ እንደገና እንዲደራጅ ማድረግ ይቻላል።

ዋናው ጉዳይ ጊዜው ነው። ይህን ሥራ የሚያውቁት የሥራ ባልደረቦችና አለቆች ሳይዛወሩ መጀመር ይገባል። በ60 ዓመቱ ወረቀት ፍለጋ የሚነሳ ሰው ደመወዙ ቆሞ፣ አበሉም ሳይጀመር በመሐል ይቀራል። ሳይጠየቅ የቆየ ውዝፍ አበልም በይርጋ ሊታገድ እንደሚችል መታወቅ አለበት።

ጥያቄ፦ ጡረተኛው ቢሞት ለቤተሰቡ ምን ይቀራል?

መልስ፦ ለባል ወይም ለሚስት የአበሉ 50 በመቶ፣ 18 ዓመት ላልሞላው ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይከፈላል። በሟቹ ይረዱ የነበሩ ወላጆችም ድርሻ አላቸው። ድምሩ ግን ከአበሉ መቶ በመቶ አይበልጥም። ከላይ በተጠቀሰው 5,775 ብር ስሌት ለሚስት 2,887 ብር ከ50 ሳንቲም፣ ለአንድ ልጅ 1,155 ብር ይደርሳል።

ይህ የሚሠራው ቤተሰቡ ከተመዘገበ ነው። በሠራተኛው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ የመጀመሪያ ሚስቱ ስም ሳይሰረዝ፣ የኋለኛይቱ ሳይጻፍ፣ ልጆችም ሳይሞሉ ይቀሩና ከቀብር በኋላ ቤተሰቡ በፍርድ ቤት ደጅ ይንገላታል። ቅጹን ማሳደስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ገንዘብን በቁጠባ ደብተር ማስቀመጥ ያዋጣል?

መልስ፦ ለደኅንነቱ አዎን፤ ለማትረፉ ግን ማስላት ያስፈልጋል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ደግሞ በቁጠባ ወለድ ላይ የ5 በመቶ ግብር ጣለ። ግብሩ የሚቆረጠው ከዋናው ገንዘብ ሳይሆን ከወለዱ ሲሆን፣ ባንኩ ራሱ ቆርጦ ያስገባዋል። 50,000 ብር በ7 በመቶ አንድ ዓመት ቢቀመጥ 3,500 ብር ይወልዳል። ከዚህ 175 ብር ለግብር ሲነሳ 3,325 ብር ይቀራል።

አሁን ገበያውን እንይ። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዓመቱ መጀመሪያ በ50,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ በዓመቱ መጨረሻ ከ65,000 ብር በላይ ሲጠይቅ፣ ደብተሩ ላይ ያለው 53,325 ብር ነው። ቁጥሩ አድጓል፤ ጤፉ ግን አንሷል። ስለዚህ በተራ የቁጠባ ደብተር የሚቀመጠው ለሕክምናና ለድንገተኛ ችግር የሚሆነው የጥቂት ወራት ወጪ ቢሆን ይመረጣል። ለረጅም ጊዜ የማይነካው ገንዘብ በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ቢገባ ወለዱ ከባንኩ ጋር በድርድር የሚወሰን ስለሆነ፣ ከአንድ በላይ ባንክ ጠይቆ ማወዳደር ያዋጣል።

በሃይማኖቱ ምክንያት ወለድ ለማይቀበል ሰው ባንኮች ከወለድ ነፃ የሆነ አገልግሎት አላቸው። የባንክ መውደቅ ለሚያሠጋው ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 482 የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ አቋቁሟል። የዋስትናው ጣሪያ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ 100,000 ብር ተብሎ ተወስኗል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የማይጠብቀው ነጋዴና ገበሬስ?

መልስ፦ የእሱ ጡረታ ራሱ የሚያቆመው ነው። ዕቁብ ገንዘብ ለመሰብሰብ ጥሩ ዘዴ ቢሆንም ወለድ የለውም፤ ዕጣው ከወጣ በኋላ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ካልታሰበበት ተመልሶ በገበያ ይበተናል። ቅሬው የቀብሩን ቀን ይሸፍናል እንጂ የእርጅናውን ዓመታት አይሸፍንም። የማንጎ ምርት ሲሸጥ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ የሚገባለት የሀብሩ ገበሬ በዚያው ሰሞን ድርሻውን ለይቶ በባንክ፣ ወይም የቀድሞው አብቁተ በነበረው በጸደይ ባንክ ቢያስቀምጥ፣ በየወሩ ከሚቆጥበው ይልቅ ይቀለዋል። ደብተሩ መኖሩን ቤተሰቡ ማወቅ አለበት። አስቀማጩ ሲሞት ወራሾች ገንዘቡን የሚያወጡት ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይዘው ነው።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ክፍል ቢያከራይ ግብር አለበት?

መልስ፦ አለበት። ነፃ የሆነው የጡረታ አበሉ እንጂ ጡረተኛው አይደለም። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ በከተማዪቱ ክፍል ማከራየት የብዙ ቤት ገቢ ነው። ይህ ገቢ ከአበሉ ጋር ሳይደባለቅ ለብቻው በየዓመቱ ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት ይታወቃል። ሱቅ የከፈተም እንደዚሁ በንግድ ግብር ይገዛል። የኪራይ ውልንና የግብር ደረሰኝን በአንድ አቃፊ ማስቀመጥ ከኋላ ክርክር ያድናል።

በአጠቃላይ 57 ዓመት የሞላው ሠራተኛ ሊያደርጋቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በማኅደሩ ውስጥ የተመዘገበውን የትውልድ ዘመንና የቅጥር ቀን አይቶ ማረጋገጥ። ሁለተኛ፣ የቤተሰብ ቅጹን ማሳደስ። ሦስተኛ፣ ከላይ በተሰጠው ስሌት አበሉን አስልቶ ዛሬ እጁ ከሚገባው ደመወዝ ጋር ማነጻጸር። አራተኛ፣ የታየውን ጉድለት የሚሞላ ቁጠባ ወይም ሌላ ገቢ መጀመር። አበሉ እንደ ገበያው በየወሩ አይወጣም፤ የሚሻሻለው መንግሥት ሲወስን ብቻ ነው። በሦስቱ ዓመት ያልተሠራው ሥራ ከ60 ዓመት በኋላ በእጥፍ ዋጋ ይሠራል፤ አንዳንዱም ጨርሶ አይሠራም።