ሮቦትና ባልንጀራው

ሮቦት ሲባል ሰውን የሚተካ ጉልበተኛ መኪና ብቻ ይመስለኝ ነበር። ነገሩን ሳጠና ግን አሳቤ ተለወጠ።

በ1961 እ.ኤ.አ. ዩኒሜት የተባለ ሮቦት በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ፣ በአውቶሞቢል ፋብሪካ የጋለ ብረት ማንሣት ጀመረ። ሠራተኛውን ከቃጠሎ አዳነ፤ ነገር ግን ሰው ቢጠጋው አያውቅም ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያሉ ሮቦቶች በአጥር ይከለሉ ጀመር።

በ1996 እ.ኤ.አ. ኮልጌትና ፔሽኪን የተባሉ የአሜሪካ መምህራን ኮቦትን ፈለሰፉ። ሠራተኛው ከባዱን ዕቃ በገዛ እጁ ይገፋል፤ ኮቦቱም እንዳይጋጭ መንገዱን ይመራዋል። ያ የመጀመሪያው ኮቦት ሰው ካልገፋው ከቦታው አይነቃነቅም ነበር።

እንግዲህ ምሕንድስና ለመማር የምናስብ ጓደኞቼ ሆይ፤ የመኪናውን ጉልበት ከመለካታችን በፊት አጠገቡ የሚቆመውን ሰው እናስብ።